«ሞደርን»፦ የአንድ የጊዜ ቅጽል ታሪክ

የጊዜ ቃላት ከሌሎች ቅጽሎች በአንድ ነገር ይለያሉ። «ቀይ» የተባለ ልብስ ቀለሙ እስካልለቀቀ ድረስ ቀይ ነው፤ «ረጅም» የተባለ ዛፍም ካልተቈረጠ በቀር ረጅምነቱ አይቀርበትም። «የአሁን» የተባለ ነገር ግን ስሙን ባገኘ ማግሥት ስሙን ማጣት ይጀምራል። ነገሩ ራሱ ባይለወጥም እንኳ ጊዜው ጥሎት ይሄዳልና። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይህን ጠባይ አጉልተው ከሚያሳዩት ቃላት መካከል ዋነኛው «ሞደርን» የተሰኘው ቅጽል ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስም ብዙውን ጊዜ «ዘመናዊ» ተብሎ ይተረጐማል።

አንድ ሥዕል፣ አንድ ዜማ ወይም አንድ ትምህርት ቤት «ዘመናዊ» ሲባል አድማጩ የሚረዳው ስለ ቀን ሳይሆን ስለ ደረጃ ነው። ቃሉ ምስጋና ሆኖ ይደመጣል፤ ይህ ስም የተነፈገው ነገርም ሳይነገርበት ወደ ኋላ የቀረ ተደርጎ ይቈጠራል። ይሁንና ቃሉ በተወለደበት አገርና ዘመን እንዲህ ያለ ፍርድ አልነበረበትም። በረጅም ዕድሜው አንድ ጊዜ የቀን ምልክት፣ አንድ ጊዜ ነቀፋ፣ አንድ ጊዜ ምስጋና፣ አንድ ጊዜም የታሪክ ወሰን ሆኖ አገልግሏል። በዚህ ቃል ለሚያስተምር መምህር፣ በዚህ ቃልም ለሚመዘን የኪነ ጥበብ ሰው የቃሉን ጉዞ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የቃሉ ምንጭ የላቲን ቋንቋ ነው። በላቲን «ሞዶ» ማለት «ገና አሁን»፣ «ከጥቂት ጊዜ በፊት» ማለት ሲሆን፣ ሥሩ «ልክ፣ መጠን» የሚል ፍች ያለው «ሞዱስ» የተባለው ስም ነው። የጥንቶቹ ሮማውያን ደራስያን «ሞዶ»ን በተውሳከ ግሥነት ይጠቀሙበት እንጂ ቅጽል አላወጡለትም ነበር። «ሞዴርኑስ» የተባለው ቅጽል በጽሑፍ ብቅ ያለው በአምስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። አወጣጡም «ዛሬ» ከሚለው «ሆዲዬ» «የዛሬ» የሚለው «ሆዲዬርኑስ» በወጣበት መንገድ ነው።

ቃሉ ብቅ ያለበት ጊዜ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ476 ዓ.ም. የምዕራቡ የሮማ ግዛት የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋኑ ወርዶ ነበር። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ የሮማው ጳጳስ ጌላስዩስ በደብዳቤዎቻቸው የቀደሙት አባቶች የደነገጉትን ሥርዓት በቅርቡ ከተላለፈው ውሳኔ ለመለየት በዚህ አዲስ ቃል ተጠቀሙ። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ጣልያንን ይገዛ የነበረው የጎቶች ንጉሥ የቴዎዶሪክ ጸሐፊ ካሲዮዶሩስ ቃሉን አዘወተረው። ከንጉሡ ስም ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ ሲማኩስ ለተባለ የሮማ መኰንን የተላከ ሲሆን፣ ጉዳዩም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት የተመረቀውና በእርጅና መፈራረስ የጀመረው የፖምፔዩስ ቲያትር ቤት እንዲጠገን ነው። በዚህ ደብዳቤ ሲማኩስ የጥንቶቹን ፈለግ በትጋት በመከተሉም፣ የዘመኑን ሰዎች በመምራቱም ይመሰገናል። ሁለቱ ምስጋናዎች በአንድ ሰው ላይ ሳይጋጩ ዐረፉ። ቃሉ ገና ሲወለድ ከጥንቱ ጋር የሚጣላ አልነበረም፤ ከጥንቱ በኋላ የመጣ መሆኑን ብቻ ያመለክት ነበር።

በመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ዘንድም ይኸው መንፈስ ቀጥሏል። በ12ኛው ምዕተ ዓመት በፈረንሳይ አገር በሻርትር ከተማ ያስተምር የነበረው በርናርድ፣ የራሱን ዘመን ሰዎች በግዙፋን ትከሻ ላይ በተቀመጡ ድንኮች መስሏቸው እንደ ነበር ጆን ዘ ሶልዝበሪ በ1159 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ ይተርካል። ድንኩ ከግዙፉ አርቆ የሚያየው ዓይኑ ስለ በለጠ ሳይሆን ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ነው። ኋለኛ መሆን ዕድል እንጂ የራስ ሙያ አይደለም ማለት ነው።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት ግን ቃሉ የወገን መለያ ሆነ። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የፍልስፍና ትምህርት «የጥንቱ መንገድ» እና «የዘመኑ መንገድ» በሚል ለሁለት ተከፈለ። የኋለኛውን የሚከተሉት በተለይ የእንግሊዛዊውን የዊልያም ኦካምን ትምህርት የያዙት ነበሩ። በ1474 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ይህ ትምህርት በፓሪስ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ መጻሕፍቱም በሰንሰለት ታሰሩ። የተፈቱት በ1481 ዓ.ም. ነው። ኦካም ከሞተ በዚያን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። መቶ ዓመት ያለፈው ትምህርት ገና «የዘመኑ» ተብሎ ታሰረ፣ «የዘመኑ» ተብሎም ተፈታ። ቃሉ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ቀንን ከመንገር ይልቅ ወገንን ወደ መንገር እያዘነበለ መሄዱን ይህ ድርጊት ያመለክታል።

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያና በ16ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። የመጀመሪያ ፍቹም «አሁን ያለ» የሚል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ዛሬ ለብዙ አንባቢ እንግዳ የሚሆን ትርጉም ያዘ። ዊልያም ሼክስፒር በተውኔቶቹ ውስጥ «ሞደርን» ሲል በብዙ ቦታ «ተራ»፣ «የትም የሚገኝ» ማለቱ ነው። አካሄዱ ሲመረመር ግን የሚያስገርም አይደለም፤ የዛሬ የሆነ ነገር በየደጁ የሚታይ ነገር ነውና። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው ታዋቂ መዝገበ ቃላት ቃሉን በመጀመሪያ «የቅርብ ጊዜ፣ ጥንታዊ ያልሆነ» ብሎ ከፈታ በኋላ፣ በሼክስፒር ዘንድ ግን የተናቀና ተራ ነገርን እንደሚያመለክት ለይቶ መዝግቦታል። የዛሬ ተማሪ የሼክስፒርን ተውኔት ሲያነብ ይህን ቃል «የሠለጠነ» ብሎ ቢተረጕመው ደራሲው ያለውን ገልብጦ ማንበቡ ነው።

ቃሉን ወደ አደባባይ ያወጣው በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የተነሣው ታላቅ ክርክር ነው። በጥር 27 ቀን 1687 ዓ.ም. በፈረንሳይ አካዳሚ ስብሰባ ላይ ሻርል ፔሮ ያቀረበው ግጥም ተነበበ፤ ይዘቱም የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን ከጥንቶቹ ግሪኮችና ሮማውያን ዘመን እንደማያንስ የሚያስረዳ ነበር። ገጣሚው ቧሎ በቍጣ ተነሥቶ ተቃወመ። ክርክሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በ1690 ዓ.ም. ሰር ዊልያም ቴምፕል የጥንቶቹን ብልጫ የሚያወድስ ድርሰት አወጣ፤ በ1694 ዓ.ም. ዊልያም ዎተን መለሰለት፤ የቴምፕል ጸሐፊ የነበረው ጆናታን ስዊፍትም የሁለቱን ወገን መጻሕፍት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያዋጋበትን ስላቅ በ1704 ዓ.ም. አሳተመ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የፋላሪስ ደብዳቤዎች ጉዳይ ነው። ፋላሪስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው ምዕተ ዓመት በሲሲሊያ ደሴት የገዛ ጨካኝ ሰው ነበር። ቴምፕል በስሙ የሚታወቁትን ደብዳቤዎች የጥንቶቹን ብልጫ ከሚያስመሰክሩት ጽሑፎች አንዱ አድርጎ አቀረባቸው። የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበረው ሪቻርድ ቤንትሊ ግን በ1697 እና በ1699 ዓ.ም. ባወጣቸው ጽሑፎች ደብዳቤዎቹ ሐሰተኛ መሆናቸውን አረጋገጠ። ማስረጃውም ግልጽ ነበር። ደብዳቤዎቹ ፋላሪስ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የተቈረቈሩ ከተሞችን ያነሣሉ፤ የተጻፉትም እርሱ ይገዛው በነበረው አገር ዘዬ ሳይሆን በአቴና ዘዬ ነው። «የዘመኑ» ወገን የተባለው ሊቅ ከ«ጥንቶቹ» ጠበቆች ይልቅ ጥንቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ጥንትን መውደድና ጥንትን ማወቅ አንድ እንዳልሆኑ፣ አዲስ የሆነውም የተጠቀመበት የምርመራ ዘዴ እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚያው ጊዜ ቃሉ የታሪክ ወሰን መሆን ጀመረ። ጀርመናዊው ምሁር ክሪስቶፍ ሴላሪዩስ ከ1685 እስከ 1696 ዓ.ም. ባሳተማቸው የማስተማሪያ መጻሕፍት የዓለምን ታሪክ ጥንታዊ፣ መካከለኛና አዲስ ብሎ ለሦስት ከፈለ። በ1724 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ አንደኛ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የ«ሞደርን» ታሪክ የፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቋመ። በኦክስፎርድ ይህ ስያሜ ከጥንታዊት ሮማ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁሉ፣ መካከለኛውን ዘመን ጭምር ያቀፈ ነበር። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች በ21ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት «ሞደርን» የሚለውን ቃል ከወንበሩ ስም አውጥተው «ታሪክ» የሚለውን ብቻ አስቀርተዋል። የቋንቋ ሊቃውንትም እንዲሁ ከ1500 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ያለውን እንግሊዝኛ በሙሉ «ሞደርን» ስለሚሉት፣ ለዛሬው ተማሪ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የሼክስፒር ቋንቋ ራሱ በዚህ ስም ይጠራል።

የምስጋናው ትርጉም የመጣው ዘግይቶ ነው። የእንግሊዝ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ሬይመንድ ዊልያምስ በ1976 ዓ.ም. ባሳተመው የቃላት ታሪክ መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ቃሉና ቤተሰቦቹ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በአብዛኛው በጥርጣሬ ይታዩ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት አንድን አሮጌ ሕንፃ ወይም አንድን የቃል አጻጻፍ «ዘመናዊ አደረግሁ» የሚል ሰው ለምን እንዳደረገው ማስረዳት ይጠበቅበት ነበር። ፋብሪካው፣ የባቡር ሐዲዱና ኤሌክትሪኩ የኑሮን ፍጥነት ከለወጡ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ማስረዳት የተጠየቀው ዘመናዊ የማያደርገው ሰው ሆነ። ቃሉ «የተሻሻለ» ከሚለው ጋር ተቀላቀለ።

ኪነ ጥበብም ከዚህ ለውጥ አልራቀም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሻርል ቦድሌር በ1863 ዓ.ም. ስለ ሠዓሊው ኮንስታንታን ጊ ባወጣው ድርሰት፣ የሥነ ጥበብ ግማሹ ኀላፊ፣ ግማሹ ደግሞ ዘላለማዊ መሆኑን አስረድቷል። ለእርሱ የሠዓሊው ግዴታ ከዕለቱ ልብስና ከዕለቱ ጎዳና ውስጥ ዘላቂውን ነገር ማውጣት ነው። ቃሉን ያወገዙትም አሉ። በ1937 ዓ.ም. የናዚ መንግሥት በሙኒክ ከተማ 650 ያህል የዘመኑን ሥራዎች «የዘቀጠ ጥበብ» ብሎ ለመሳለቂያ አሳየ። ቻርሊ ቻፕሊን ደግሞ በ1936 ዓ.ም. «ዘመናዊ ጊዜያት» የሚል ስም በሰጠው ፊልም በማሽን ጥርስ መካከል የሚያልፈውን ሠራተኛ በማሳየት በቃሉ ላይ ተሳለቀበት።

የቃሉ ችግር ጐልቶ የታየው ግን ቤተ መዘክር ሲሠራለት ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በኅዳር 1929 ዓ.ም. ሲከፈት በመጀመሪያ ያሳየው የሴዛንን፣ የጎጋንን፣ የሱራንና የቫን ጎግን ሥራዎች ነው። አራቱም በሕይወት አልነበሩም፤ ቫን ጎግ ከሞተ 39 ዓመት ሆኖት ነበር። የሙዚየሙ ዲሬክተር አልፍሬድ ባር በ1933 ዓ.ም. ስብስቡን በጊዜ ውስጥ በሚጓዝ ቶርፒዶ መሰለው። አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ ፊት የሚሄደው ዛሬ ነው፤ ጭራው ደግሞ ከ50 እስከ 100 ዓመት ያለፈው ዘመን ነው። ጭራው እየገፋ ሲመጣ አሮጌዎቹ ሥራዎች መውጣት አለባቸው ማለት ነው። በ1947 ዓ.ም. ሙዚየሙ የታሪክ ቅርስ ወደ መሆን የደረሱትን ሥራዎች ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለማስተላለፍ ተስማማ። ነገር ግን እነዚያን ሥዕሎች አሳልፎ መስጠት አልተቻለም፤ ስምምነቱ በ1953 ዓ.ም. ፈረሰ። በቃሉ ትርጉምና በሥዕሎቹ መካከል መምረጥ ሲመጣ ሙዚየሙ ሥዕሎቹን መረጠ። ከዚህም የተነሣ «ሞደርን» የሚለው ቃል ለአንድ ላለፈ የሥነ ጥበብ ዘመን መጠሪያ ወደ መሆን ተጠጋ።

በቦስተን ከተማ የተደረገው ከዚህ ተቃራኒ ነው። የከተማው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ተቋም በ1948 ዓ.ም. «ሞደርን» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ በምትኩ «ኮንቴምፖራሪ» የሚለውን አስገባ። ምክንያቱም የቀድሞው ቃል ጊዜን መግለጡ ቀርቶ የአንድ የአሠራር ስልት ስም ሆኗል የሚል ነበር። የከተማይቱ ሠዓልያን ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ስሙ ሲለወጥ ሥራቸውም የተወገዘ መስሎ ታይቷቸዋልና። በ1950 ዓ.ም. ተቋሙ ከሁለት የኒው ዮርክ ሙዚየሞች ጋር በመሆን አዲስ ጥበብን የሚደግፍ የጋራ መግለጫ አወጣ።

«ኮንቴምፖራሪ» የተባለው ቃል ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚሠራበት ሲሆን፣ ከላቲን ሥሩ ሲታይ «በአንድ ጊዜ አብሮ ያለ» ማለት ነው። በመሠረቱ ዝምድናን እንጂ ዛሬን አይናገርም። ሼክስፒርና የእስፓኙ ደራሲ ሰርቫንቴስ በዚህ ቃል እርስ በርሳቸው ይዛመዳሉ፤ ከዛሬው አንባቢ ጋር ግን አይዛመዱም። ከጊዜ በኋላ ቃሉ «ከእኛ ጋር ያለ» የሚል ፍችም ስለ ጨመረ አሻሚ ሆነ። አንድ የሼክስፒር ተውኔት በ«ኮንቴምፖራሪ» ልብስ ተሠራ ቢባል ልብሱ የደራሲው ዘመን ይሁን ወይስ የተመልካቹ ዘመን ቃሉ ብቻውን አይለይም። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ የማን ዘመን መሆኑን ጨምሮ ይገልጻል።

የእንግሊዝኛው ቃል ታሪክ ይህን ያህል ከሆነ፣ «ዘመናዊ» የሚለው የአማርኛ ትርጉሙ ምን ይሸከማል? የላቲኑ ቃል በውስጡ «አሁን»ን ይዟል። «ዘመናዊ» ግን «ዘመን» ከሚለው ስም የወጣ በመሆኑ በቅርጹ «የዘመን የሆነ» ከማለት አያልፍም፤ የትኛው ዘመን እንደ ሆነ አይናገርም። ቋንቋው ግን ፍርዱን በወንድሞቹ ላይ አከፋፍሎታል። «ዘመን አመጣሽ» የተባለ ነገር ሥር የሌለው ተብሎ ይነቀፋል። «ዘመነኛ» የተባለ ሰው ጊዜ የሰጠው ነው፤ ጊዜ እንደሚነሣውም አነጋገሩ ውስጥ ይሰማል። «ዘመን ጠገብ» የተባለ ዋርካ ወይም የብራና መጽሐፍ ደግሞ በዕድሜው ይከበራል። ስዊፍትና ፔሮ በየድርሰታቸው የተከራከሩበት ጉዳይ በአማርኛ በአንድ ቃል ቤተሰብ ውስጥ ተቀምጧል።

ችግሩ የሚመጣው «ዘመናዊ» የሚለው ቃል «ባህላዊ» ከሚለው ጋር እንደ ሁለት የጊዜ መደቦች ሲቆም ነው። አዝማሪ በማሲንቆው ስለ ዛሬው የገበያ ዋጋ ግጥም ቢያወርድ ሙዚቃው «ባህላዊ» ይባላል። አንድ ኦርኬስትራ በ1960ዎቹ የተደረሰ ዜማ ቢጫወት «ዘመናዊ» ይባላል። በቀን ከተቈጠረ የአዝማሪው ይቀርባል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የተስፋፋው የትምህርት ዓይነት ከመቶ ዓመት በኋላም «ዘመናዊ ትምህርት» ነው፤ ዛሬ ጧት ቅኔ የሚቈጥረው ተማሪ ግን ከዘመኑ ውጭ እንዳለ ሆኖ ይነገርለታል። የሥነ ሰብእ ምሁሩ ዮሃንስ ፋቢያን በ1983 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን አነጋገር ነቅፏል። ተመራማሪዎች አብረዋቸው በአንድ ጊዜ የኖሩትንና የተነጋገሯቸውን ሕዝቦች፣ ሲጽፉ ግን በሌላ ዘመን እንደሚያስቀምጧቸው አሳይቷል። የጊዜ ቅጽል በዚህ አኳኋን ሲሠራበት የቆመውን ሰው ያለፈ ያስመስለዋል።

በኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ውስጥ የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1932 ዓ.ም. በሐረር ተወለደ፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሰውና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ነበሩ። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ረቂቅ ሥዕልን ለአገሩ ተመልካች ካስተዋወቁት ፊተኞች አንዱም ሆነ። በ1981 ዓ.ም. በስደት በአሜሪካ አገር ዐረፈ። በስሙ የተሰየመውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ሠዓሊው ከሞተ 27 ዓመት አልፎ ነበር። «ዘመናዊ» የሚለው ስም እዚህ ላይ ቀንን አይናገርም፤ አንድን የአሣሣል መንገድና አንድን ትውልድ ይሰይማል። የልጁን ሥራ በዚህ ስም መጥራት ተገቢ ነው፤ በዚሁ ምክንያት የአባትየውን ቀለምና ብራና የሞተ ጥበብ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ዘመን ኖረዋል።

እንግዲህ «ሞደርን» ወይም «ዘመናዊ» የሚለው ቃል በተነሣ ቍጥር ሦስት ነገሮችን መለየት ያሻል። ቃሉ ቀን እየነገረ ከሆነ ቀኑ ይጠቀስ። የአሠራር ስልት እየነገረ ከሆነ ስልቱ ይገለጽ። ምስጋና ከሆነ ደግሞ ነገሩ የተመሰገነበት ምክንያት ይቅረብ፤ የተማሪውን ዕውቀት አስፍቷል፣ የታማሚውን ሥቃይ አቅልሏል፣ የተመልካቹን ዓይን ገልጧል ተብሎ ይነገር። ቤንትሊ የተረታውን ክርክር የረታው አዲስ ነኝ በማለቱ ሳይሆን ማስረጃውን በማቅረቡ ነው። ካሲዮዶሩስም ሲማኩስን ያመሰገነው ፈራሽ ግድግዳ እንዲጠግን ሥራ ሰጥቶት ነው። ዛሬ አዲስ የተባለው ሁሉ ነገ የሌላ ትውልድ ጥንት ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው መቼ እንደ ተሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ጠቀመ ነው።